መንገዱ ለመኪና፣ ሜዳው ለአውሮፕላን፦ ለመንገድና ለአቪዬሽን መሥሪያ ቤቶች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር
ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ አውራ ጎዳናዎችን ለመንገደኞች አውሮፕላን የድንገተኛ ማረፊያ ስለማድረግ እና ስለ አሮጌ የአውሮፕላን ሜዳዎች አያያዝ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

አዲስ አስፋልት በተመረቀ ቁጥር «ይህስ አውሮፕላን ያሳርፋል» የሚል ምስጋና ይሰማል። ዕድሜዬን በመንገድ ሥራ ያሳለፍሁ ሰው ነኝና ምስጋናው ለሠራተኛው ድካም እስከሆነ ድረስ ደስ ይለኛል። አሁን አሁን ግን ነገሩ ከምስጋና አልፎ ምክር ወደ መሆን ተሸጋግሯል። የፍጥነት መንገዶቻችን ለመንገደኞች አውሮፕላን የክፉ ቀን ማረፊያ እንዲሆኑ ታስበው ይነደፉ፤ ሕንድ አድርጋዋለች፣ ሲንጋፖር አድርጋዋለች፣ እኛን ምን ይከለክለናል የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ከእነርሱ መካከል የሙያ ባልደረቦቼም አሉ። ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን ይህ ሐሳብ ገንዘብንና ትኩረትን ከሚያስፈልግበት ቦታ ነጥቆ ወደማያስፈልግበት ይወስዳል። የሚያስፈልግበት ቦታ የት እንደሆነ ከዚህ በታች እናገራለሁ። ደብዳቤውን በአደባባይ የጻፍሁትም ጉዳዩ የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ስላልሆነ፣ ሁለታችሁ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንድትቀመጡ ሕዝቡም አብሮኝ እንዲጠይቅ ስለምፈልግ ነው።

ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ አስፋልቱ ነው፤ ይችለዋል ወይስ አይችለውም? ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በቁጥር ልመልሰው። ቦይንግ 737-800 ሲያርፍ እንዲኖረው የሚፈቀደው ከፍተኛ ክብደት 66 ቶን ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ከዘጠና በመቶ በላዩን የሚሸከሙት አራት ዋና ጎማዎች ናቸው፤ ለአንዱ ጎማ 15 ቶን ያህል ይደርሰዋል ማለት ነው። ከጅቡቲ ጭኖ የሚመጣ መኪና በአንድ የኋላ አክስል (ጎማዎቹን በሚይዘው ዘንግ) 10 ቶን ቢጭን፣ ክብደቱ ለአራት ጎማ ስለሚከፋፈል ለአንዱ የሚደርሰው ሁለት ቶን ተኩል ነው። ስለዚህ የአውሮፕላኑ አንድ ጎማ የከባድ መኪናውን ስድስት እጥፍ ይጫናል። በጎማው ውስጥ ያለው የአየር ግፊትም ከከባድ መኪና ጎማ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ያን ሁሉ ክብደት የሚያሳርፈው በጠባብ ቦታ ላይ ነው። ቦይንግ 777-300ኢአር ደግሞ 251 ቶን ሆኖ ማረፍ ይችላል። አሥራ ሁለት ዋና ጎማዎች ስላሉት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወደ 20 ቶን ነው።

በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ በተባለች ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 አንድ ትልቅ የመንገድ ሙከራ ተካሂዶ ነበር። ለሙከራው በተሠሩ መንገዶች ላይ የጭነት መኪኖች ሌት ተቀን ሲመላለሱ ቆይተው የደረሰው ጉዳት ተለካ። እስከ ዛሬ በየዲዛይን መመሪያችን ውስጥ ያለው ውጤት የተገኘው ከዚያ ነው፤ የአክስል ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት አሥራ ስድስት ጊዜ ያህል ይጨምራል። ሕጉ የተገኘው ከጭነት መኪና ስለሆነ እንዳለ ወደ አውሮፕላን አይገለበጥም። ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ለማየት ግን ይበቃል።

ይህን ሁሉ ብዬም፣ አንድ ነጠላ ማረፊያ በደንብ የተሠራን የፍጥነት መንገድ በደረቅ ወራት ያፈርሰዋል ብዬ አላምንም። መንገድ የሚደክመው በድግግሞሽ ነው። በዚያ ላይ አውሮፕላን መሬት በሚነካበት ቅጽበት አብዛኛውን ክብደቱን ገና ክንፉ ይዞታል። ሙሉ ክብደቱ መሬት ላይ የሚያርፈው ፍጥነቱ ሲቀንስ ነው፤ አስፋልቱ በጣም የሚጨነቀውም አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ ሲሄድ ወይም ጨርሶ ቆሞ ሲቀር ነው። ይህን ለማየት አውሮፕላን መጠበቅ አያስፈልግም። ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ተራ በሚጠብቁበት ኬላ ወይም ሚዛን ጣቢያ ወርዶ በቆላ ፀሐይ ጎንበስ ብሎ ማየት ይበቃል፤ ጎማ የሚያልፍበት መስመር ወደ ታች ሰምጦ፣ አስፋልቱ በግራና በቀኝ እንደ ሊጥ ተገፍቶ ወጥቶ ይታያል። ያ የሚሆነው ለከባድ መኪና በተሠራ መንገድ ላይ ነው። በብዙዎቹ አገናኝ መንገዶቻችን ላይ የአስፋልቱ ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከሥሩ ያለው የተፈጨ ድንጋይና ገረጋንቲ ነው ጭነቱን የሚያከፋፍለው። ከገረጋንቲው ሥር ደግሞ ጥቁር መረሬ አፈር ካለ፣ ክረምቱ ገብቶ ውኃ የጠገበ ጊዜ የሐምሌ መንገድና የጥር መንገድ አንድ አይደሉም። ከአስፋልቱ ዳር ባለው የመንገዱ ትከሻ ላይ የወጣ የአውሮፕላን ጎማ እንደሚቀበር ልምድ ያለው የሳይት ፎርማን ሁሉ ይነግራችኋል።

ስለ አስፋልቱ ያለኝ መልስ እንግዲህ ይህ ነው፤ አንዳንዱ መንገድ አንድን 737 አንድ ጊዜ ይችለዋል፣ አብዛኛው ይጎዳል፣ ትልልቆቹን አውሮፕላኖች የሚችል መንገድ ግን አናውቅም፤ ለዚያ ተብሎ የተሠራ የለምና። ሆኖም መንገድ ላይ ያረፉ የመንገደኞች አውሮፕላኖችን ታሪክ ያነበበ ሰው ሌላ ነገር ያስተውላል። ሰዎቹ የሞቱት አስፋልቱ ከድቷቸው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. መስከረም 6 ቀን 1971 ከሐምቡርግ ወደ ስፔኗ ማላጋ የተነሣውን ቢኤሲ ዋን-ኢለቨን አውሮፕላን እንውሰድ። በአውሮፕላኑ ላይ 121 ሰዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን አንዳንድ ሞተሮች በመነሻ ጊዜ ተጨማሪ ኃይል እንዲሰጡ የተጣራ ውኃ ይረጭባቸው ነበር። ለዚያ በተዘጋጀው ታንክ ውስጥ በስሕተት የገባው ግን ነዳጅ የተቀላቀለበት ፈሳሽ ነበር። አውሮፕላኑ ከመሬት እንደተነሣ ሁለቱም ሞተሮች ከመጠን በላይ ግለው ጠፉ። ከፍታ የለም፣ ጊዜ የለም፣ ወደ ኋላ መመለስ አይታሰብም። አብራሪዎቹ ከፊታቸው ያገኙት ኤ7 የተባለውን የጀርመን አውቶባን (የፍጥነት መንገድ) ነበርና እዚያው አወረዱት። የጀርመን አውቶባን በጥራቱ የሚታማ መንገድ አይደለም። አውሮፕላኑ መንገዱን ይዞ ሲሮጥ ግን ከበላዩ የሚያልፍ ተሻጋሪ ድልድይ ጠበቀው። ክንፎቹ ተቆረጡ፤ እሳት ተነሣ፤ 22 ሰዎች ሞቱ። ዘጠና ዘጠኙ መትረፋቸው ለአብራሪዎቹ ብቃት ትልቅ ምስክር ነው። ለመንገዱ ማረፊያነት ግን ምስክር ሊሆን አይችልም። ያ ድልድይ በዚያ ቦታ የተሠራው መኪና እንዲሻገር ነው፤ ማንም መሐንዲስ በዚያ ሊወቀስ አይችልም።

ከዚያ በስድስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 4 ቀን 1977፣ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት አንድ ዲሲ-9 የመንገደኞች አውሮፕላን ኃይለኛ የበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ገብቶ ሁለቱንም ሞተሮቹን አጣ። አብራሪዎቹ ኒው ሆፕ በተባለ መንደር በሚያልፍ ተራ የመኪና መንገድ ላይ አወረዱት። አስፋልቱን በትክክል አግኝተውት ነበር። ክንፎቹ ግን ከመንገዱ ይሰፋሉና በግራ በቀኝ ያሉ ዛፎችንና ምሰሶዎችን እየመቱ ሄዱ፤ አውሮፕላኑ ከመንገዱ ወጥቶ መንገድ ዳር የነበረን ሱቅና የነዳጅ ማደያ ይዞ ተሰባበረ። የሞቱት 72 ናቸው፤ ከእነርሱ ዘጠኙ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያልነበሩ፣ በዚያ ሰዓት በመንገዱና በሱቁ ደጃፍ የተገኙ ሰዎች ነበሩ። ስለ መንገድ ማረፊያ በተነጋገርን ቁጥር እነዚህ ዘጠኝ ሰዎች ይረሳሉ። መንገድ ባዶ ሆኖ አያውቅም። በእኛ አገር ደግሞ መንገድ ማለት ገበያ ነው፣ ከብት ነው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን ነው፣ ባጃጅና ጋሪ ነው።

ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለውን የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ብዙዎች በምሳሌነት ያነሱታልና በእርሱ ላይ ልሞክረው። በአንድ አቅጣጫ ሦስት መስመርና የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ያለው እንዲህ ያለ መንገድ 14 ሜትር ያህል ስፋት ይኖረዋል። የ737 ዋና ጎማዎች ሰባት ሜትር ያህል በሆነ ስፋት ውስጥ ስለሚያርፉ ለጎማው ቦታ አለው። ክንፉ ግን 35.8 ሜትር ነው፤ ሁለቱን አቅጣጫዎች የሚለየውን አካፋይ ተሻግሮ በተቃራኒው አቅጣጫ በሚመጡት ከባድ መኪኖች ላይ ይደርሳል። ሞተሮቹ ከመሬት ያላቸው ርቀት ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው፤ በመንገዱ ጠርዝና በአካፋዩ የተተከለው የብረት አጥር ከዚያ ይበልጣል። አብራሪው አንድ ሁለት ሜትር ወደ ጎን ከተገፋ ሞተሩ ብረቱን ያገኘዋል። በ777 ላይ ማሰብም አያስፈልግም፤ የጎማዎቹ ስፋት ብቻ ወደ 13 ሜትር ነው፣ ሞተሮቹ ከመንገዱ ጠርዝ ውጭ ይንጠለጠላሉ፣ ክንፉ ወደ 65 ሜትር ይደርሳል። ለእንዲህ ያሉ አውሮፕላኖች የሚሠራ መንደርደሪያ 45 ሜትር ስፋት እንዲኖረው የሚደረገውና ከዚያም ወዲያ በግራ በቀኝ ሰፊ ባዶ ሜዳ የሚተውለት ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀጥሎ ያለው የመሬቱ ጉዳይ ነው። ለትልልቅ አውሮፕላኖች የሚሠራ መንደርደሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው አማካይ ተዳፋት ከመቶ አንድ እንዳይበልጥ ዓለም አቀፉ ደንብ ይመክራል። የመኪና መንገድ በኮረብታማ ቦታ ከመቶ አምስትና ከዚያም በላይ ሊወጣና ሊወርድ ይችላል። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ መንገዱ በብዙ መቶ ሜትሮች ቁልቁል ይወርዳል፤ ኩርባው ላይ ደግሞ መኪና እንዳይገለበጥ ተብሎ ወለሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። መንገድ የሚቀየሰው ከተማን ከከተማ ለማገናኘት ነው፤ መንደርደሪያ የሚቀየሰው ነፋሱን አጥንቶ ነው። የአዳማን ኮረብታዎች የሞሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ለምን እዚያ እንደተተከሉ የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ አካባቢ መንገድን አቋርጦ የሚነፍስ ነፋስ ለሚያርፍ አውሮፕላን ምን ማለት እንደሆነ ይገምታል።

ከፍታችንንም አንርሳ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ክንፉ እንዲሸከመው ፈጥኖ መብረር አለበት። በባሕር ዳርቻ አገር በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር የሚያርፈው አውሮፕላን በአዲስ አበባ ወደ 290 ይጠጋል። ይህ ትንሽ ጭማሪ ቢመስልም ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት በሩብ ያህል ይጨምራል። የቦሌ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቀጥ ያለ፣ ደልዳላ፣ ድልድይ የማያልፍበት፣ ምሰሶ የሌለበትን ይህን ያህል መንገድ በደጋው አገራችን ፈልጉና ንገሩኝ።

ይህ ሁሉ በገንዘብ ይስተካከላል እንበል። ድልድዩም ይነሣ፣ ብረቱም ተነቃይ ይሁን፣ ስፋቱም ይጨመር። ያን ጊዜም አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ አብራሪው ያን መንገድ መቼ ይመርጠዋል? አውሮፕላን በከፍታ ላይ ሳለ ሁለቱም ሞተሮቹ ቢጠፉ እንደ ድንጋይ አይወድቅም፤ የዛሬ ጄቶች አንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ ባጡ ቁጥር አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ኪሎ ሜትር ወደ ፊት ይንሳፈፋሉ። በደጋው ላይ እንኳ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ለመሄድ ዕድል አለው። አንድ ሞተር ብቻ ከጠፋ ደግሞ በቀሪው ወደ ሌላ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲደርስ ተደርጎ የተሠራና የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ጊዜ ያለው አብራሪ ምንጊዜም የሚያነጣጥረው ወደ እውነተኛ መንደርደሪያ ነው። መንገድ የሚመርጠው ጊዜ የሌለው፣ እንደ ሐምቡርጎቹ ከመሬት ገና የተነሣ ወይም እንደ ጆርጂያዎቹ ዝቅ ብሎ የተያዘ ነው። እርሱ ደግሞ የሚያገኘው በዚያች ደቂቃ ከሥሩ ያለውን እንጂ መንግሥት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ያዘጋጀለትን አይደለም። አንድን መንገድ ለይቶ በብዙ ወጪ ማዘጋጀት ለመንገደኞች አውሮፕላን ዋጋ የማይኖረው በዚህ የተነሣ ነው።

ሕንድና ሲንጋፖርን በተመለከተ፣ እነዚህ አገሮች የሠሩት ሌላ ነገር መሆኑ በግልጽ መነገር አለበት። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2017 በላክናው–አግራ የፍጥነት መንገድ ላይ ያሳረፈችው ተዋጊ አውሮፕላኖችንና ለጠጠር ሜዳ የተሠራውን ሲ-130 የጦር ማጓጓዣ ነው። ሲንጋፖር ሊም ቹ ካንግ የተባለውን መንገዷን ለልምምድ የምትጠቀመው ዘግታ፣ የመብራት ምሰሶዎችንና የአውቶቡስ ፌርማታዎችን ነቅላ፣ ወለሉን ጠርጋ ነው። ምዕራብ ጀርመን በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በአልሆርን አቅራቢያ በኤ29 አውቶባን ላይ፣ ስዊድንና ፊንላንድም በየጫካው መካከል እንዲህ ያሉ ቁራጮችን ሠርተዋል። ዓላማው ጠላት የጦር ሰፈሩን ቢመታ ተዋጊ አውሮፕላን የሚነሣበት እንዳያጣ ነው። ከጅምሩ ወለሉ ወፍሮ፣ አካፋዩ ተነቃይ ሆኖ፣ በዳሩ ማቆሚያ ተሰናድቶ የተሠራ ወታደራዊ ሜዳ ነው፤ በሰላሙ ጊዜ መኪና ይሄድበታል። መቶና ሁለት መቶ መንገደኛ ጭኖ ሳይታሰብ ለሚመጣ አውሮፕላን ያዘጋጀው የለም።

እንግዲህ የመንገደኞች አውሮፕላንን በእርግጥ ያዳነው ምንድን ነው? በዚህ ላይ ከማውቃቸው ታሪኮች ሁሉ የሚበልጥብኝ የኢዥማው ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 7 ቀን 2010 በሰሜን ሩሲያ ጫካ ላይ ይበር የነበረ ቱፖሌቭ-154 የመንገደኞች አውሮፕላን የኤሌክትሪክ ኃይሉን በሙሉ አጣ። አብራሪዎቹ መሣሪያ አጥተው፣ ነዳጁም ወደ ሞተር የማይተላለፍበት ሁኔታ ላይ ደርሰው ከደመና በታች ሲወርዱ፣ በካርታቸው ላይ የሌለ አንድ መንደርደሪያ አዩ። ኢዥማ ለአውሮፕላን ከተዘጋ ዓመታት ያለፉት ሜዳ ነበር፤ የሚያርፍበት ሄሊኮፕተር ብቻ ነው። ሰርጌይ ሶትኒኮቭ የተባለው የሜዳው ኃላፊ ግን ማንም ሳያዘው ያን ሁሉ ዓመት ወለሉን ሲጠርግ፣ ቁጥቋጦውን ሲነቅል፣ መኪናና እንጨት እንዳይከማችበት ሲከላከል ኖሯል። መንደርደሪያው ለቱፖሌቭ አጭር ስለነበር አውሮፕላኑ ጫፉን አልፎ ጫካው ውስጥ ገባ፤ ከ81 ሰዎች አንድም አልሞተም። አውሮፕላኑ ራሱ ተጠግኖ በተከታዩ ዓመት ከዚያው ሜዳ ተነሥቶ በረረ።

የካናዳው ቦይንግ 767 እ.ኤ.አ. በ1983 ነዳጅ ጨርሶ ሁለቱም ሞተሮቹ ሲጠፉ ያረፈው ጊምሊ በተባለ የቀድሞ የአየር ኃይል ሜዳ ላይ ነው፤ 69ኙም ተርፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 በኒው ኦርሊንስ አቅራቢያ ሁለቱን ሞተሮች በዝናብና በበረዶ ያጣ 737 በጎርፍ መከላከያ አጠገብ ባለ ሣር ላይ አርፎ 45ቱም ሰዎች በሰላም ወጥተዋል። ያ አውሮፕላን በኋላ ሞተሩ ተቀይሮ የተነሣው ከአንድ የመኪና መንገድ ላይ ነው። መንገድ ጠቃሚ መሆኑን የሚያሳይ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ያ መንገድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን መንደርደሪያ በነበረ ወለል ላይ የተዘረጋ ነው። ሜዳው ሜዳነቱን ስላልረሳ አውሮፕላኑን መልሶ ለመስጠት ቻለ።

በአገራችንም የተከሰተ አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሲነሣ የነበረ ቦይንግ 737-200 ሞተሮቹ ውስጥ የእርግብ መንጋ ገባ። ተመልሶ ለማረፍ ሲሞክር የሞተሮቹን ኃይል አጣ፤ ጎማው ሳይዘረጋ ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈ፣ እሳትም ተነሣ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፤ 69ኙ ተረፉ። ያ አውሮፕላን የወደቀው ከማረፊያው ብዙ ሳይርቅ ነው። አብዛኛው አደጋ የሚደርሰውም እንዲሁ በመነሻና በማረፊያ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ከመንደርደሪያው ጫፍ ባሻገር ያለው መሬት ወሳኝ ነው። እዚያ የሚቆፈር የድንጋይ ጉድጓድ፣ የሚገነባ ቤት፣ የሚተከል የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ አፉን ከፍቶ የሚቀር የጎርፍ ቦይ የሰው ነፍስ ሊያስከፍል ይችላል።

ጥያቄዬም ከዚህ የሚነሣ ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ ከመንደርደሪያ ጫፍ በኋላ 60 ሜትር ንጹሕ መሬት፣ ከዚያም ቢያንስ 90 ሜትር፣ ቢቻል 240 ሜትር የደኅንነት ሜዳ እንዲኖር ይጠይቃል። በየክልሉ ያሉ ማረፊያዎቻችን ከተማ እየከበባቸው ነው። ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የእያንዳንዱን ማረፊያ ጫፎችና አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ብሎ የሚመጣበትን መስመር በመሬት ላይ በድንጋይ ችካል ለይቶ፣ ካርታውን በየከተማው አስተዳደርና በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት በግልጽ ይለጥፍ። መንገዶች አስተዳደር ደግሞ ወደ ማረፊያ የሚጠጋ መንገድ ሲነድፍ በዚያ ክልል ውስጥ የሚያልፈው ቦይ የተከደነ እንዲሆን፣ የመብራት ምሰሶው ዝቅ እንዲል ወይም ሲመታ በቀላሉ የሚሰበር እንዲሆን፣ የመንገዱ ከፍታም ከሜዳው ጋር እንዲስተካከል በዲዛይን መመሪያው ውስጥ ያስገባው። ይህ ከአንድ ተሻጋሪ ድልድይ ዋጋ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ስለ አሮጌዎቹ ሜዳዎች ነው። አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. በ1946 በዳኮታ አውሮፕላኖች ሥራ ሲጀምርና ከዚያም በኋላ፣ መኪና ክረምት ከበጋ በማይደርስባቸው ብዙ ወረዳዎች የሣርና የጠጠር ሜዳዎች ተሰናድተው ነበር። ሞጣ፣ ጎሬ፣ ማጂ፣ ጊኒር አውሮፕላን ሲያርፍባቸው የነበሩ ቦታዎች ናቸው። እነዚህ ሜዳዎች 737ን ይሸከማሉ አልልም። የአዲስ አበባው አሮጌ ማረፊያ ልደታ ራሱ ጄት ሲመጣ አልበቃም ተብሎ ነው ቦሌ የተሠራው። ነገር ግን ደልዳላ፣ ረጅምና ባዶ መሬት መሆናቸው ብቻ በክፉ ቀን ከማንኛውም አውራ ጎዳና ይሻላል፤ ለትንንሽ አውሮፕላኖች ደግሞ ዛሬም ሙሉ ማረፊያ ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ቦታ ላይ አሮጌ መንደርደሪያን ለሁለት የሚከፍል መንገድ ሲቀየስ ተመልክቻለሁ። ቀያሹ ሜዳ መሆኑን አያውቅም ነበር፤ የያዘው ካርታም አይናገርም። የአካባቢው ሽማግሌዎች ግን ያውቁ ነበር፣ ዳኮታው የሚቆምበትን ዛፍ ሳይቀር ያሳያሉ። የጠየቃቸው አልነበረም።

ስለዚህ በሥራ ላይ ያሉትንም የተተዉትንም ሜዳዎች ሁሉ የያዘ አንድ መዝገብ ይውጣ። የት እንደሆኑ፣ ርዝመታቸው፣ የወለላቸው ሁኔታ፣ መሬቱ በማን ስም እንደተመዘገበ ይታወቅ። ከመዝገቡም ለጥበቃ የሚገባቸው ተመርጠው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከክረምት በኋላ፣ ቁጥቋጧቸው ይመንጠር፤ ጎርፍ የሸረሸረው ይደፈን። በየወረዳው ግሬደር አለ፤ የአንድ ሁለት ቀን ሥራ ነው።

መንገድና አውሮፕላን በእውነት የሚገናኙበት ቦታ መኖሩንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በደቡብ አውስትራሊያና በምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ በሚያልፈው አይር አውራ ጎዳና ላይ በየርቀቱ ተለይተው የተሰፉና ቀለም የተቀቡ ቁራጮች አሉ። መንገዱ ለጊዜው ተዘግቶ የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ትንንሽ አውሮፕላኖች ያርፉበታል፤ በሽተኛ ወይም የመኪና አደጋ የደረሰበትን ሰው ያነሣሉ። አውሮፕላኖቹ ቀላል ናቸው፤ ክብደታቸው ከአንድ የጭነት መኪና አይበልጥም፤ ክንፋቸው አጭር ነው፤ የሚያስፈልጋቸውም ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ቀጥተኛ መንገድ ነው። በሶማሌ ክልል፣ በቦረና፣ በደቡብ ኦሞ የተሽከርካሪ ብዛት ያልበዛባቸው፣ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ በቀጥታ የሚዘረጉ መንገዶች እየተሠሩ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ሆስፒታል ለመድረስ የምትጓዘውን ርቀት እዚያ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ገና በንድፍ ላይ ካሉት አንዱን መርጣችሁ፣ ቁራጩን ጥቂት አስፍታችሁ፣ የከልቨርቱን (ውኃን ከመንገዱ ሥር የሚያሳልፈውን) ግንብ ከወለሉ ጋር አስተካክላችሁ፣ ምልክት ቀብታችሁ፣ ከጤና ሚኒስቴርና ከአካባቢው ፖሊስ ጋር የመዝጊያ ሥርዓት አውጥታችሁ ሞክሩት። ለዚህ ዓይነቱ መንገድ «አውሮፕላን ያሳርፋል» ቢባል እኔም አብሬ እላለሁ።

የተተዉ ሜዳዎችን የማውቃቸውን ቦታዎች ዝርዝር በእጅ ካርታ ላይ ምልክት አድርጌ አስቀምጫለሁ። መዝገቡን የሚያዘጋጅ ኮሚቴ ከተቋቋመ ያለ ክፍያ አቀርባለሁ፤ በጡረታ ላይ ያሉ ቀያሾችና የቀድሞ የዳኮታ ዘመን ሠራተኞችም በሕይወት ሳሉ ቢጠየቁ ብዙ ይናገራሉ። ይህ ሥራ ከሚቀጥለው ክረምት በፊት እንዲጀመር እጠይቃለሁ፤ ምላሻችሁንም ደብዳቤው በወጣበት አደባባይ እንድትሰጡ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የመንገድ መሐንዲስ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
ለጤና ሚኒስቴር